የአሜሪካ ኮሞዶር 64 ደሴ ላይ፦ ምስሉ ይሮጣል፣ ድምፅ የለውም

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነፍሱን ይማረውና አጎቴ ድሮ ከአሜሪካ ያመጣውን ኮሞዶር 64 የሚባል አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ከሣጥን አወጣሁት። 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ አስነሣሁት። ባለ 14 ኢንቹ አሮጌ ቲቪያችን ላይ በአንቴና ገመድ ሰካሁት። ምስሉ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ቀለም የለውም፣ ድምፅማ ጭራሽ! ተበላሽቶ ይሆን? ልጆቼ እንዲያዩት በጣም ጓጉቻለሁ።

የፒያሳዋ (ደሴ)፦ አብሽር፣ ዕቃህ ደኅና ነው። የቲቪ ምስል አላላክ ከአገር አገር ይለያያል፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ይባላል፣ የኛ ደግሞ ፓል። የዲሽ ሪሲቨር ሴቲንግ ውስጥ ሁለቱንም ስም ሳታያቸው አትቀርም። ቲቪህ ሲስተም የሚል ሜኑ ካለው ቀይረው።

የጦሳ ልጅ፦ ሜኑ የለውም እህቴ፣ ማዞሪያ ብቻ ነው።

ቲቪ ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)፦ ልጄ፣ የሦስቱም ምክንያት ለየቅል ነው። ኮምፒውተርህ በሰከንድ 60 ጊዜ ይስላል፣ ቲቪህ የለመደው 50 ነው። ምስሉ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ከጀርባው ቪ-ሆልድ የሚባል ማዞሪያ ካለ ቀስ እያልክ አዙረው፣ ሊቆምልህ ይችላል። ቀለሙ ግን በማዞር አይመጣም። የአሜሪካው ቀለም 3.58 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፣ ቲቪህ የሚፈልገው 4.43 ላይ። ድምፁም ከምስሉ በ4.5 ርቆ ይመጣል፣ ቲቪህ በ5.5 ይጠብቀዋል። ስለዚህ በአንቴና አትድከም። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ክብ ሶኬት የኤቪ ገመድ አውጣ፣ ድምፁ በራሱ ሽቦ ይመጣል። ኤቪ ያለው ፍላት ቲቪ ፈልግ፣ አብዛኞቹ ኤንቲኤስሲ ይቀበላሉ።

እኔን ያሳሰበኝ አዳፕተሩ ነው። የዚህ ኮምፒውተር አዳፕተር ሲያረጅ 5 ቮልቱ ከፍ ይልና የሚሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። አሁኑኑ ንቀለው፣ በመልቲሜትር ለካው። ከ5.2 ካለፈ መልሰህ እንዳትሰካው፣ አደራ!

ሸዋበር፦ ምስሉን የሚሠራውን ቺፕ ቀይሮ ኮምፒውተሩን ፓል ቢያደርገውስ?

ቲቪ ጠጋኙ፦ ቺፑ ብቻ አይበቃም። 6567 የሚባለው የኤንቲኤስሲ ቺፕ ወጥቶ 6569 የሚባለው የፓሉ ይገባል፣ የኮምፒውተሩን ፍጥነት የሚመታለት ክሪስታልም አብሮ ይቀየራል። ደኅናውን ሰሌዳ ለዚህ ብሎ መበየጃ ማስነካት አልመክርም።

የፒያሳዋ፦ የትኛው መሆኑን ለማወቅ፣ ሲነሣልህ PRINT PEEK(678) ብለህ ጻፍና RETURNን ተጫን። 0 ካለህ ኤንቲኤስሲ፣ 1 ካለህ ፓል ነው።

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! አዳፕተሩ 5.04 ነው። የጎረቤት ፍላት ቲቪ ላይ በኤቪ ሰካሁት፣ ያ ሰማያዊ ስክሪን ወለል ብሎ መጣ። ከላይ 38911 ባይት ሚሞሪ ነፃ ነው የሚል ጽሑፍ አለ። ያልሽኝን ስጽፍ 0 አለኝ። ትንሿ ልጄ ስሟን ጽፋ ጽፋ አልጠግብ አለች። የዲስክ ማንበቢያው 1541ም አለ፣ በዚያው ትራንስፎርመር ይሰካል?

ቲቪ ጠጋኙ፦ አዎ፣ የአሜሪካው ከሆነ ለ110 የተሠራ ነው። ትራንስፎርመሩ እሆዱ ውስጥ ስለሆነ ቀጥታ 220 ላይ እንዳትሰካው። የገዛኸው ሁለቱንም መሸከሙን ዋቱን አይተህ አረጋግጥ። የአውሮፓ ጌም ካገኘህ ደግሞ ዘፈኑ ቢፈጥንብህ አትደንግጥ፣ ለ50 የተጻፈው በ60 እየሄደ ነው።