የፍራፍሬ ኮብለር፦ ላዩ ቡናማ ሆኖ ሥሩ ጥሬ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ማለዳ

ጤና ይስጥልኝ። ቀላል የፍራፍሬ ኮብለር፣ ማለትም ፍራፍሬው ከታች ሆኖ ሊጡ ከላዩ የሚጋገርበትን ጣፋጭ፣ በቤቴ አሳምሬ መሥራት እፈልጋለሁና ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል። የምጠቀመው ብስል ኮክ ነው። ልጬ ከቆራረጥኩት በኋላ ከስኳር ጋር አዋህጄ መጋገሪያ ሳህን ውስጥ አደርገዋለሁ። ከዚያም ከፍርኖ ዱቄት፣ ከገበታ ቅቤ፣ ከቤኪንግ ፓውደርና ከወተት የተሠራውን ሊጥ በማንኪያ እየቆነጠርኩ ከላዩ አስቀምጥና ቀድሞ በጋለ ኦቨን ውስጥ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለግማሽ ሰዓት እጋግረዋለሁ። ላዩ ያማረ ቡናማ ይሆናል፤ ሲቆረስ ግን ፍራፍሬውን የሚነካው የሊጡ ሥር እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ጥሬ ሆኖ ይገኛል፤ ፍራፍሬውም የሚቀመጠው በቀጭን ውሃ ውስጥ ነው። ጊዜውን ባራዝመው ደግሞ ላዩ ያርራል።

ሥሩ እንዲበስል ምን ማድረግ ይኖርብኛል? ውሃውስ የሚወፍረው በምንድን ነው? ቅቤ ቀልጦ፣ ቀጭን ሊጥ ፈስሶበት፣ ፍራፍሬው ከላይ የሚደረግበት ሌላ አሠራር ይበልጥ ይቀላል ሲባል ሰምቻለሁና፣ ለእኔ የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ቀረፋ፦

ከገለጹልን ችግሮች የሥሩ ጥሬነት የሚነሣው ከአንድ ምክንያት ነው፤ ሊጡ የሚቀመጠው በቀዝቃዛ ፍራፍሬ ላይ ነው። የኦቨኑ ሙቀት ሊጡን በቀጥታ የሚያገኘው ከላይ ሲሆን፣ ከታች በኩል ሊያበስለው የሚችለው ግን ከሥሩ ያለው ፍራፍሬ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ያህል ውሃ የበዛበት ፍራፍሬ እስኪግል ድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ፣ እሱ ገና ለብ ባለበት ሰዓት የሊጡ ገጽ ቡናማ ሆኖ ያለቀለት ይመስላል፤ ሥሩ በዚህ መሃል ጭማቂውን እየመጠጠ ይርሳል እንጂ አይበስልም። ጊዜ መጨመሩ ያልጠቀመዎትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፍራፍሬውን አስቀድመው ለብቻው ያሙቁት። ከስኳሩና ጭማቂውን ከሚያወፍር ስታርች (ለምሳሌ ከበቆሎ ከሚወጣው ነጭ ዱቄት) ጋር ካዋሃዱት በኋላ ሊጥ ሳያደርጉበት በ200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ያስገቡት፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የሳህኑ ዳር ዳር መንተክተክ ይጀምራል። ያን ጊዜ አውጥተው አንዴ ያማስሉትና ሊጡን ሳይዘገዩ ያስቀምጡበት። ሊጡ ትኩሱን ፍራፍሬ እንደነካ ከሥሩ በእንፋሎት መብሰል ስለሚጀምር፣ ላዩ ቡናማ እስኪሆን ሥሩም ይደርስለታል። ከዚህ በኋላ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ኦቨንዎ ሙቀቱን የሚያዘዋውር ማራገቢያ ካለው ሙቀቱን በ20 ዲግሪ ቀነስ ያድርጉት።

የሊጡ አቀማመጥም ቀላል ነገር አይደለም። ፍራፍሬውን ሙሉ በሙሉ ከሸፈኑት እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ወደ ሊጡ ይገባል። በሁለት የሾርባ ማንኪያ መጠን እየቆነጠሩ በየመካከሉ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ጭማቂው በዚያ በኩል ሲንተከተክ ማየት መቻል አለብዎት።

መብሰሉን ለማረጋገጥ ቀለሙን ብቻ አይመኑ። ከመሃል ካሉት አንዱን በሹካ ቀስ ብለው ቀና ያድርጉና ሥሩን ይመልከቱ። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ሆኖ በሹካው ላይ ከተለጠፈ አልደረሰም፤ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ በቀላሉ የሚፈረካከስ ከሆነ ግን በስሏል። የምግብ ቴርሞሜትር ካለዎት የሊጡ መሃል 95 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ይገባል። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ የአልሙኒየም ፎይል ጣል አድርገውበት ይቀጥሉ።

ቀለበት፦

ቀረፋ ስለ ሙቀቱ በተናገሩት እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ጭማቂው ልጨምር። ከኮክ ክብደት 89 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። እንጆሪ ወደ 91 በመቶ፣ ፖም ወደ 86 በመቶ፣ ማንጎ ደግሞ ወደ 83 በመቶ ውሃ አለው። ስኳር ይህን ውሃ ከፍሬው ስቦ ስለሚያወጣው፣ በጥያቄዎ እንደገለጹት ስኳር ብቻ ጨምሮ ወደ ኦቨን ማስገባት የግድ ቀጭን ጭማቂ ያስከትላል። የሚያወፍር ነገር ያስፈልግዎታል፤ ለዚህ ደግሞ የበቆሎ ስታርችን የሚያህል አላገኘሁም፣ ምክንያቱም ጭማቂውን ሳያደፈርስና የፍሬውን ጣዕም ሳይሸፍን ይይዘዋል።

ለአንድ ኪሎ የተቆራረጠ ኮክ 100 ግራም ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው ይበቃል። እንጆሪ ከሆነ ስታርቹን ሦስት ማንኪያ ያድርሱት። ፖም በተፈጥሮው የሚያረጋ ፔክቲን ስላለው አንድ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ጠንካራ ስለሆነ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት መክተፍና ከሊጡ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ማሞቅ ያስፈልጋል። ስታርች ከሌለ የፍርኖ ዱቄት ያገለግላል፤ የማወፈር አቅሙ ግማሽ ያህል ስለሆነ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ግድ ይላል፤ ጭማቂውም ትንሽ ይደፈርሳል። ስታርቹን በቀጥታ እርጥብ ፍሬ ላይ ከመበተን ይልቅ አስቀድሞ ከደረቁ ስኳር ጋር ማደባለቅ እንዳይጓጉል ያደርገዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ስታርች በመሞቅ ብቻ አይወፍርም፤ ለመፍላት እስኪቃረብ ድረስ መጋል አለበት። ስለዚህ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን የሳህኑ መሃልም መንተክተክ አለበት። አረፋዎቹን ልብ ብለው ይመልከቱ፦ መጀመሪያ ላይ ትናንሽና ፈጣን ሆነው ወዲያው ይጠፋሉ፤ ጭማቂው ሲወፍር ግን ተለቅ ይሉና ቀስ ብለው አብጠው ቀስ ብለው ይፈነዳሉ። መሃሉ ላይ እንዲህ ያለውን አረፋ ሳያዩ አያውጡት። ካወጡትም በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ስታርች የሚረጋው ሲበርድ ነውና፣ ከኦቨን እንደወጣ የተቆረሰ ኮብለር በትክክል የተሠራ ቢሆንም ይፈስሳል።

ፍሬው ከመጠን በላይ የበሰለና ውሃማ ከሆነ ስኳሩን ነስንሰው ለግማሽ ሰዓት ያቆዩት፣ የወጣውን ጭማቂ በወንፊት ያጥልሉትና በትንሽ ድስት አፍልተው ግማሽ ያህል እስኪቀር ካተነኑት በኋላ ወደ ፍሬው ይመልሱት። የኮክ ልጣጭ እንዳያስቸግርዎት ፍሬውን በፈላ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነክረው ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢከቱት በጣት ይላጣል።

ወንፊት፦

የሊጡን መጠን ማንም አላነሣምና ልጻፍልዎ። ለ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ሳህን 190 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 85 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤና 160 ሚሊ ሊትር ወተት። ቅቤውን በዱቄቱ ውስጥ በጣት ጫፍ እያሹ ሽምብራ እስኪያክል ድረስ ያድቅቁት። ወተቱን የሚጨምሩት ፍራፍሬው ኦቨን ውስጥ መንተክተክ ሲጀምር እንጂ ቀደም ብለው መሆን የለበትም፤ ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት እንዳገኘ ጋዝ መልቀቅ ስለሚጀምር፣ የቆየ ሊጥ ኩፍ የማለት ኃይሉን በሳህን ላይ ይጨርሳል። ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ በማንኪያ ያገላብጡት፣ አያቡኩት፤ የተቦካ ሊጥ ይጠነክራልና።

ቤኪንግ ፓውደሩ የቆየ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህሉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምረው ይፈትኑት። ወዲያው ካልተንፈቀፈቀ ይጣሉት።

ሰሊጥ፦

የቀለጠ ቅቤ ስላለበት አሠራር ለጠየቁት፣ እኔ ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። 85 ግራም የገበታ ቅቤ በመጋገሪያው ሳህን ውስጥ አድርገው ኦቨን ውስጥ ያቅልጡት። 125 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ከ240 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር በጥብጠው በቀለጠው ቅቤ ላይ ያፍስሱት፤ በዚያ ላይ ከ500 እስከ 600 ግራም የሚሆን ፍራፍሬ ይበትኑበት። ቅቤውን፣ ሊጡንና ፍራፍሬውን በፍጹም አያማስሏቸው። ሊጡ ሲጋገር ኩፍ እያለ በፍራፍሬው መካከል ወደ ላይ ይወጣል፣ ፍራፍሬው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ዳሩም በቅቤው ተጠብሶ ይደርቃል። በ180 ዲግሪ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሃሉ ላይ የተሰካ ስቴኪኒ ሊጥ ሳይዝ ሲወጣ ደርሷል። ፍራፍሬውን ከዚህ በላይ ማብዛት ግን መሃሉን ጥሬ ያስቀረዋል።

ቀረፋ፦

ሰሊጥ ያሉት አሠራር ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ውጤቱ ፍራፍሬ የገባበት ለስላሳ ኬክ ነው የሚሆነው። ማለዳ የሚፈልጉት ወፍራም ጭማቂ ያለው ፍራፍሬና ከላዩ ለብቻው የቆመ ሊጥ ከሆነ፣ ፍራፍሬውን አስቀድሞ የማሞቁን መንገድ ቢይዙ ይሻላል ባይ ነኝ። ሰዓት ካጠረ ግን የሰሊጥ መንገድ ያዋጣል።

ማለዳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምፈልገው ቀረፋ እንዳሉት ሊጡ ለብቻው የሚቆምበትን ነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ትኩስ ኮክ በማይገኝበት ጊዜ ከፍሪዘር የወጣ ፍራፍሬ መጠቀም ይቻላል? እንግዶች በሚመጡበት ቀንስ ምን ምኑን አስቀድሜ ላዘጋጅ?

ቀለበት፦

ይቻላል፤ ነገር ግን በረዶው የፍሬውን አካል ስለሚሰባብረው ከትኩሱ ይልቅ ብዙ ጭማቂ ይለቃል። በወንፊት ላይ ሆኖ በረዶው ይቅለጥ፣ የወጣውን ጭማቂ ቀደም ብዬ እንዳልኩት አትንነው ይመልሱት፣ ስታርቹንም በአንድ የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ። የማቅለጫ ጊዜ ከሌለ ከነበረዶው ያስገቡት፤ እስኪንተከተክ ግን ከትኩሱ ፍሬ በጣም ይዘገያል፤ ያ ሳይሆን ሊጡን አያድርጉ። የታሸገ የቆርቆሮ ኮክ ከሆነ ጭማቂውን በደንብ አጠንፍፈው ስኳሩን በግማሽ ይቀንሱ። ደግሞም የብርጭቆ ሳህን ከፍሪጅ አውጥተው በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን አያስገቡ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ወንፊት፦

ለእንግዶቹ ቀን፣ ቅቤ የታሸበትን ደረቅ ዱቄት ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጅተው ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀምጡት ምንም አይሆንም፤ ቅቤው ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ እንዲያውም ይሻላል። ኮኩን ግን በዕለቱ ይክተፉት፤ ስኳሩንም ወደ ኦቨን ሊያስገቡት ሲሉ ይጨምሩበት። ምግብ የሚቀርብበትን ሰዓት መነሻ አድርገው ያስሉ፦ ፍራፍሬውን ብቻውን ለማሞቅ 20 ደቂቃ፣ ከሊጡ ጋር ለመጋገር 30 ደቂቃ፣ ለማሳረፍ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ። እንግዶቹ ወደ ማዕድ ሲቀመጡ ከኦቨን ቢያወጡት በልተው እስኪጨርሱ ረግቶ፣ ግን ገና እንደሞቀ ይጠብቃቸዋል። የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳያቆዩ ፍሪጅ ያስገቡት፤ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሲያሞቁት ሳይከድኑ በ180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ማይክሮዌቭ ሊጡን ያልፈሰፍሰዋል።