ከታመሙት አባቴ ጋር ስለ ሞት እንዴት ልነጋገር?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ ሲሆን፣ የጉበት ካንሰር የያዛቸውን አባቴን እያስታመምኩ ነው። ሐኪሙ በሽታው እንደማይድን የነገረው ለእኛ ለልጆቻቸው ብቻ ነው፤ ዘመድ አዝማዱም «ከነገራችኋቸው ቶሎ ይሰበራሉ» እያለ አፋችንን አስይዞናል።

እርሳቸው ግን የገባቸው ይመስለኛል። በቅርቡ የእድር ደብተራቸውን አስመጥተው መዋጮው መከፈሉን ገጽ በገጽ ሲመለከቱ፣ እናቴ «ምነው ሟርት!» ብላ ከእጃቸው ወስዳ ቡና ልትቆላ ተነሣች፤ ለነገሩ አልፈርድባትም።

የጨነቀኝ ውርሱ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛነት አራት ምስክሮችን ስለሚጠይቅ፣ ይህ አእምሯቸው ሳይደክም ቢፈጸም እመርጣለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥብኝ ግን የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ከማን ጋር መታረቅ እንደሚሹ፣ ሕመሙ ሲበረታም ሆስፒታል ወይስ ቤታቸው መሆንን እንደሚመርጡ ከራሳቸው አንደበት መስማት ነው።

ወላጁን እንዲህ ያነጋገረ ሰው ካለ፣ ነገሩን በምን እንደጀመረው፣ የንስሐ አባታቸውን አስቀድሞ ማማከር ይሻል እንደሆነ፣ እናቴንም እንዴት ማግባባት እንደምችል ቢያስረዳኝ ውለታውን አልረሳም።