አባዬ ያለ መነጽር ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ጀመረ፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ልስጋ?

የሰፊው ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አባዬ 67 ዓመቱ ነው። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በአንዲት ሲንጀር ያሳደገን ልብስ ሰፊ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ያለ መነጽር አይሰፋም ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ጥሎታል። ክሩን በምራቁ ያረጥብና መርፌውን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ በአንዴ ያስገባዋል። «አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔ ታደሰ» ይላል። ጎረቤቱም ዱዓው ደረሰለት እያለ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጣ ፊት ለፊቱ ቆሜ ፈገግ ብል እንደ ማንም ሰው አለፈኝ። ማታ የባጃጅ መብራት ዓይኑን ያጭበረብረዋል። ነጭና ክሬም ክር አምታትቶ የደንበኛ ቀሚስ አበላሽቷል። አንድ ክሊኒክ ወስጄው ነበር። «የዓይን ሞራ ነው፣ ገና አልበሰለም፣ ከዓመት በኋላ ኑ» ብለው ሸኙን። ሞራ ከሆነ የቅርቡ እንዴት ይሻለዋል?

የዓይን ክፍል ነርስ፦
ወንድሜ፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሞራ የዓይን ሌንስ መሃሉ እየጠጠረ ሲሄድ ብርሃን የማጠፍ ኃይሉ ይጨምራል። የሩቁ ይደበዝዛል፣ የቅርቡ ለጊዜው ይጠራል። ቆይቶ እሱም ይሄዳል። ስኳራቸውንም አስለካ፤ ስኳር ሲወጣም እይታ ይለዋወጣል።

«እስኪበስል» የድሮ ወሬ ነው። ሥራቸውን ካስተጓጎለ በቂ ነው፤ በጣም ከጠጠረ እንዲያውም ማውጣቱ ይከብዳል። ስሙም ያሳስተናል መሰለኝ። ሞራ ሲባል የበግ ሞራ ትዝ ይለንና ከላይ የሚገፈፍ ይመስለናል። የሚገፈፍ ነገር የለም። የደፈረሰው ሌንስ ራሱ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል።

የኮምቦልቻዋ፦
እናቴ ሁለቱንም ተሠርታለች። ያደነዘዙት ዓይኗን ብቻ ስለነበር ነቅታ ሐኪሙን እየመረቀች ቀዶ ጥገናው አለቀ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታላት አየችኝና «አንቺ፣ መቼ አረጀሽ?» አለችኝ! ያስቸገረን ጎንበስ አትበዪ መባሏ ነው። ወንበር ላይ ሆነሽ ስገጂ ለማለት ስንት ተጨቃጨቅን። አባትህን ቀድመህ አዘጋጃቸው።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
አንድ የረሳሁት። ሰፊ መሆናቸውን ለሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት ንገሩ። የሚገባው ሌንስ እንደ መነጽር ቁጥር አለው። ብዙ ጊዜ ለሩቅ ስለሚመረጥ ለመርፌው መነጽር ይመለሳል። ሳያውቁ ከገቡ «አበላሹኝ» ይላሉ።

የሰፊው ልጅ፦
ስኳሩ ደህና ነው። ያላችሁትን አነበብኩለት፤ «ፕላስቲክ ዓይኔ ውስጥ ይበሰብሳል» ብሎ ተቆጣ።

የዓይን ክፍል ነርስ፦
ይሄን ንገራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎች ነበሩ። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስባሪው ዓይናቸውን እንዳላስቆጣው አየ። በ1949 እ.ኤ.አ. ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ ተከለ።

የሰፊው ልጅ፦
ነገርኩት። «የአውሮፕላን ከሆነማ» ብሎ ሳቀ። ግን የሁለት ሠርግ ልብስ ይዟል፤ ከዚያ በኋላ ነው ብሏል። መነጽሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ወልውዬ ሲንጀሩ ላይ አስቀምጬለታለሁ።