ከጋራ ፋይላችን አሊያስ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የቀረበው ሐሳብ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሊኑክስ የምንሠራና የምናስተምር ሰዎች አንድ የሼል (የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይል በጋራ እንጠቀማለን። አሊያሶቹ (ለትእዛዝ የሚሰጡ አጭር ስሞች) በሙሉ ወጥተው በፋንክሽን (በአንድ ስም በሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) ይተኩ ተብሏል። ምን ትላላችሁ?

ከደብረ ብርሃን፦ ይውጡ። ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ «ኤልኤል» የሚባል አሊያስ አብሮ ይመጣል፤ የፋይል ዝርዝር ያሳያል። ተማሪው በዚያው ስም ፋንክሽን ሊጽፍ «ኤልኤል()» ብሎ ይጀምራል። ባሽ (የምናስተምርበት ሼል) ግን መስመሩን ሲያነብ ቀድሞ አሊያሱን በሚወክለው ትእዛዝ ይተካል። የሚያየው «ኤልኤስ» ከነኦፕሽኖቹ ነው፤ ቅንፉ ላይ ሲደርስ የሲንታክስ (የአጻጻፍ) ኢረር ይሰጣል። ልጁ ኮዱን ደጋግሞ ቢያየው ምንም አያገኝም። የጻፈው ትክክል ነዋ!

ከሸዋሮቢት፦ ይሄ እኮ መላ አለው። ከስሙ በፊት «ፋንክሽን» የሚለውን ቁልፍ ቃል ጻፍና ቅንፉን ተወው። ስሙ የመጀመሪያው ቃል ስለማይሆን አሊያሱ አይተካም። ለዚህ ተብሎ ሁሉም ይጠረግ?

ከደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ፣ ፋንክሽኑ ይፈጠራል እንጂ አይጠራም። ስሙን ስትጽፍ አሊያስ ከፋንክሽን ይቀድማል። ኢረሩ ጠፋ፣ ችግሩ ግን አለ። መጀመሪያ «አንአሊያስ» ማድረግ፣ ማለትም አሊያሱን ማጥፋት አለብህ።

ከዚህ የባሰም አለ። «ቪ» የጽሑፍ ማረሚያው የ«ቪም» አሊያስ ነው እንበል። «ቪ()» ብለህ ስትጽፍ ባሽ ኢረር አይሰጥህም፤ «ቪም» የሚባል ፋንክሽን ይፈጥርልሃል። ውስጡ ቪምን የሚጠራ ከሆነ ራሱን እየጠራ ማቆሚያ ያጣል። ይሄን ለጀማሪ እንዴት ታስረዳዋለህ?

ከመሐል ሜዳ፦ ሌላው ሼል፣ ዜድሼል፣ እዚህ ላይ ይሻላል። ፋንክሽኑ አሊያስ ላይ ተመሥርቶ እየተፈጠረ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። እኛ ግን የምናስተምረው በባሽ ነው።

ከደብረ ሲና፦ ልጆች፣ ፋይል የሚሰርዘውን «ኤርኤም»ን አትርሱ። ከመሰረዙ በፊት እንዲጠይቅ ያደረግነው በአሊያስ ነው። እሱን አውጥታችሁ የተማሪ ፋይል ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ለማሠራት «ሱዶ ኤርኤም» ተብሎ ሲጻፍ ያ አሊያስ አይሠራም፤ የመጀመሪያው ቃል ሱዶ ነውና። ስክሪፕት (ትእዛዞች ተጽፈው የተቀመጡበት ፋይል) ውስጥም ባሽ አሊያስን ካልታዘዘ በቀር አይተካም። ልጁ «ይጠይቀኛል» ብሎ ለምዶ አደገኛው ቦታ ላይ ሳይጠየቅ ይሰርዛል። መከላከያው ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት የለም።

ከደብረ ሲና፦ የሱዶው ነገር እውነት ነው። እንግዲያው በሌላ ስም ፋንክሽን እንሥራለት፣ «ኤርኤም»ን ራሱን አንንካ።

ከሸዋሮቢት፦ በዚህ እስማማለሁ። የባሽ ማንዋልም ለአብዛኛው ጉዳይ ፋንክሽን ይመረጣል ይላል። ግን በግል ፋይሌ ያሉትን አጫጭር አሊያሶች ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። አርጉመንት (ከትእዛዙ ጋር የሚሰጥ ግብዓት) ለማያስፈልገው ነገር ሦስት መስመር ፋንክሽን አልጽፍም።

ከደብረ ብርሃን፦ የግልህን ማንም አይነካም። የጋራው ላይ ግን እያንዳንዱ ፋንክሽን ከመጻፉ በፊት በዚያ ስም «አንአሊያስ» ይቅደም፤ አሊያሱ ከሌለ የሚመጣውን መልእክት እንዝጋው። ለውጡን ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ፣ ስሙ አሊያስ ይሁን ፋንክሽን ለማየት «ታይፕ ኤልኤል» ብላችሁ በየማሽናችሁ የሚወጣውን ንገሩኝ።