የመጀመሪያው የሱናሚ ሞገድ ትንሽ ከሆነ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል?

ወደብ_ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ? ጃፓን ነው የምኖረው፣ ባህሩ ከቤቴ መስኮት ይታያል። ጁላይ 30 ቀን 2025 ካምቻትካ ላይ 8.8 የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ እኛ ጋ መሬቱ ምንም አላለም። ስልኩ ግን የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ብሎ እሪ አለ። የከተማው ድምፅ ማጉያም ተከተለ። ሰዉ ውሃና ጃንጥላ ይዞ ወደ ኮረብታው ወጣ፣ እኔም አብሬ። ግራ የገባኝ ከዛ በኋላ ነው። 30፣ 40 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ደረሰ የሚል ዜና ሲመጣ አንዳንዱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መውረድ ጀመረ፣ የሥራ አለቃዬም «አለፈ እኮ፣ ትመጪያለሽ?» ብሎ ጻፈልኝ። አልሄድኩም፣ እሱም ፊቱን አጠቆረብኝ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ የመጀመሪያው ትንሽ ከሆነ አለቀ ማለት ነው? ደግሞስ 1 ሜትር ውሃ ይህን ያህል ያሯሩጣል?

ቶሆኩ_ነኝ
እህቴ፣ እንኳን አልወረድሽ። ሱናሚ አንድ ሞገድ አይደለም፣ ተከታታይ ነው። በመሃሉ አስር ደቂቃም አንድ ሰዓትም ሊቆይ ይችላል፣ የመጀመሪያው ትልቁ ነው የሚል ሕግም የለም። የዛን ቀን ራሱ ጠዋት 30 እና 40 ሳንቲ ሜትር ሲባል ቆይቶ ኢዋቴ ክፍለ ሀገር ውስጥ ኩጂ ወደብ ላይ ከሰዓት በኋላ ከ1 ሜትር በላይ ተለካ። ማስጠንቀቂያው ሙሉ በሙሉ የተነሳው በማግስቱ ነው። አሜሪካ ክሬሰንት ሲቲ በ1964 ደግሞ ከአላስካ የመጣው ውሃ መጀመሪያ ሱቆቹን አርሶ ተመለሰ። ሰዎች አበቃ ብለው ሊያጸዱ ወረዱ። ትልቁ ጉድ የመጣው በአራተኛው ሞገድ ነው። ይህን ለአለቃሽ ላኪለት።

ስለ 1 ሜትሩ፦ ንፋስ ያነሳው ሞገድ ይሰበርና ይመለሳል። ሱናሚ ሲሆን ግን ባህሩ ራሱ ከፍ ብሎ ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እንጨቱንም መኪናውንም ጀልባውንም ይዞ። ጉልበት የማይደርስ 30 ሳንቲ ሜትር እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። የሚነገረው ቁጥር ደግሞ ባህር ዳርቻው ላይ የሚጠበቀው ከፍታ ነው፣ እንደ መሬቱ አቀማመጥ ሽቅብ ሲወጣ እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችላል።

ፈረቃ_ማታ
ሁሉም እውነት ነው፣ ግን የሠራተኛም ችግር ይግባችሁ። በየማስጠንቀቂያው ኮረብታ ላይ ስንውል የቀኑን ደመወዝ ማን ይከፍለናል? እኔ ቁጥሩን አይቼ ነው የምወስነው።

የድሮ_መርከበኛ
ልጄ፣ ቁጥሩን አትመነው። ማርች 11 ቀን 2011 በታላቁ የጃፓን ሱናሚ ጊዜ መጀመሪያ የተነገረው ለሚያጊ 6 ሜትር፣ ለኢዋቴ 3 ሜትር ነበር። 3 ሜትር ሲሰማ የባህር ግንቡ ይበቃኛል ብሎ የቀረ ሰው ነበር፣ የመጣው ግን ከዛ እጅግ የበለጠ ነው። በኋላ ቁጥሩን ከፍ ቢያደርጉትም መብራት ስለጠፋ ያልሰማው ብዙ ነው። ከ2013 ጀምሮ መንቀጥቀጡ በጣም ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ሜትር ሳይጠሩ «ግዙፍ» ብቻ የሚሉት ለዚህ ነው። ኢዋቴ ውስጥ ያለችው የካማይሺ ከተማ ተማሪዎች ያኔ የተረፉት መጀመሪያ የደረሱበትን መሸሸጊያ አይበቃም ብለው ሽቅብ ስለቀጠሉ ነው፣ ያ ቦታ ኋላ በውሃ ተዋጠ።

ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙን እይ። ቢጫው እስከ 1 ሜትር ነው፣ ከባህሩና ከወንዝ አፍ ራቅ። ቀዩ እስከ 3 ሜትር፣ ሐምራዊው ከዛ በላይ። በሁለቱ ላይ የደመወዝ ክርክር አታንሳ፣ ውጣ ብቻ። መሬቱ እግርህ ስር ረዘም ላለ ጊዜ ከተወዛወዘ ደግሞ ስልኩንም አትጠብቅ።

ሰላማዊት_ኤም
መኪና አታንሱ፣ መንገዱ ይዘጋና እዛው ትቀራላችሁ። ቋንቋው ለሚያስቸግራችሁ «ሴፍቲ ቲፕስ» የሚባል አፕ አለ፣ አማርኛ ባይኖረውም በእንግሊዝኛ ይነግራችኋል። ባህር ዳርቻ ላይ ቀይና ነጭ ዳማ የመሰለ ባንዲራ ሲውለበለብ ካያችሁ ሱናሚ ነው፣ ከውሃው ውጡ። መስማት ለማይችሉና ለዋናተኞች ተብሎ በ2020 የመጣ ነው። ብዙ የኛ ሰው ጌጥ ይመስለዋል 😅

ወደብ_ዳር (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ የመጨረሻ፦ እግሬን ያመኛል፣ ኮረብታው ሩቅ ነው። የራሴ ቤት ሁለተኛ ፎቅ አይሆንም?

ቶሆኩ_ነኝ
የእንጨት ቤት ከሆነ አይሆንም፣ ከነመሠረቱ ሊነቀል ይችላል። ጠንካራ የኮንክሪት ሕንፃ ፈልጊ፣ ምድሩን አንድ ብለሽ ቆጥረሽ ሦስተኛና ከዛ በላይ ውጪ። ለዚህ የተመረጡት ሕንፃዎች ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ። ማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ ካርታ ይሰጣል፣ ጠይቂያቸውና ቅርብሽ ያለው የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ በእግርሽ ሄደሽ እይው። በሩ ማታም ክፍት መሆኑን መጠየቅ አትርሺ።