ሁለት የዲዮቅልጥያኖስ ነሐስ፣ ክብደታቸው አራምባና ቆቦ

ጦሳ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዲዮቅልጥያኖስ ስም ያለባቸው ሁለት የነሐስ ሳንቲሞች አሉኝ። ትንሹ በወርቅ ቤት ሚዛን 3.1 ግራም ነው፤ ንጉሡ የጨረር አክሊል ደፍቷል። ትልቁ 9.7 ግራም ሲሆን ስፋቱ 27 ሚሊሜትር ነው፤ አክሊሉ የቅጠል ጉንጉን ነው። የትኛው ይቀድማል? ትንሹ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ወጥቶበታል፤ በሎሚ ቢታሽ ይለቃል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ሎሚውን እባክህ ተወው። ትልቁ ቀላል ነው፤ ዲዮቅልጥያኖስ በ294 (በፈረንጅ) ባደረገው የገንዘብ ለውጥ የመጣው ነው። ሰብሳቢዎች ፎሊስ ይሉታል። ከአንድ የሮማ ፓውንድ (የክብደት መለኪያ ነው) 32 ይመታ ስለነበር ልኩ 10 ግራም ገደማ ነው። ብሩ ከመቶ 3 ወይም 4 እጅ ብቻ ነው፤ ላዩ ግን ስስ ብር ለብሶ ነበር የሚወጣው። ጀርባው ላይ ሳህንና የፍሬ ቀንድ የያዘ ሰው ቆሞ ከሆነ ጽሑፉ «ጌኒዮ ፖፑሊ ሮማኒ» (ለሮማ ሕዝብ ጠባቂ መንፈስ) ነው። ብዙም አልቆየም፤ በ307 መቅለል ጀመረ፣ በ313 አካባቢ ከፓውንዱ 96 ይመታ ነበር። ትንሹ ከለውጡ በፊት ይመስለኛል። ከዲዮቅልጥያኖስ በፊት የነገሠው አውሬሊያን በ274 ያስተካከለው ዓይነት ነው።

አዝዋ ገደል (ደሴ)፦ ስለ ትልቁ ቦርከና ልክ ነው፤ ትንሹ ላይ ግን እንጠንቀቅ። የጨረር አክሊል ሁሉ ከ294 በፊት አይደለም። የአውሬሊያን ልክ 4 ግራም ገደማ ነው፣ 3.1 ያንሳል። ጦሳ፣ ጀርባውን አዙርና ከሥዕሉ ግርጌ ሁለት የኤክስ ቅርፅና አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ፈልግ። የሮማ 21 ነው፤ 20 እጅ መዳብ ለ1 እጅ ብር ተብሎ ይተረጎማል። ካለ ከለውጡ በፊት ነው።

ጦሳ፦ 21 የለም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፣ በመካከላቸው ፊደል አለ። ግርጌው «ኤ፣ ኤል፣ ኢ» ይላል።

አዝዋ ገደል፦ በቃ፣ እስክንድርያ የተመታ ነው፣ ከለውጡ በኋላ። ንጉሡ ከጁፒተር (ከሮማውያን ዋና አምላክ) የድል አምላክን ምስል ሲቀበል ነው የሚታየው። ሥዕሉ በፊትም ስለነበር ነው የሚያሳስተው፤ ቁርጡን የሚለየው 21 ነው። ይኼኛው ብር የለውም ማለት ይቻላል፣ «ብሩ ተላጠ» ብለህ አትዘን።

ቦርከና፦ ተቀብያለሁ፣ 3.1ን ሳላስተውል አለፍኩት።

ሐይቅ ዳር፦ ስለ ዱቄቱ። ነጣ ያለ አረንጓዴና በጥፍር የሚረግፍ ከሆነ የነሐስ በሽታ ነው። ጠንካራና ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ አትንካው፣ ጤነኛ ልባሱ ነው። በሽታው ብረቱ ውስጥ የተቀበረ ክሎራይድ ከእርጥበትና ከአየር ሲገናኝ የሚነሳ ነው። ሎሚ ልባሱን ይበላል እንጂ ውስጥ ያለውን ክሎራይድ አያወጣውም፤ ትልቁን ብታሸው ደግሞ የቀረውን ብር ይዞት ይሄዳል።

ዱቄቱን በስቴኪኒ ፍቀህ አውጣ። ከዚያ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፈው፣ በየ3 ቀኑ ውሃውን እየቀየርክ ለ4 ሳምንት። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ክሎሪን አለበት። መለዋወጫ ሱቅ የባትሪ ውሃ ስትገዛ ጽሑፉን አንብብ፤ አሲዱና ንጹሑ ውሃ ጎን ለጎን ነው የሚሸጡት። ስትጨርስ በ100 ዲግሪ ምድጃ 1 ሰዓት አድርቀው። ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጥ፤ ለስላሳ የላስቲክ ኪስም አይሁን። የደሴ ጉም በክረምት ቤት ድረስ ስለሚገባ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከጫማ ካርቶን የምታገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረህ አኑረው። በ2 ሳምንት ዱቄቱ ከተመለሰ ዘፍዘፋውን ድገመው፣ አብሽር።