የልጆቹ የሸክላ ሥራ እየተሰነጠቀብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጥበብ አስተምራለሁ። ለወላጆች ቀን «ሰፈራችን» የሚል የልጆች ኤግዚቢሽን እያዘጋጀን ነው።

ሥዕሉ ጥሩ እየሄደ ነው። መጀመሪያ ሁሉም የሚስሉት የፋሲልን ግንብ ብቻ ነበር። «ከቤት እስከዚህ ስትመጡ ያያችሁትን ሳሉ» ስላቸው ግን ባጃጁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ቅዳሜ ገበያው ሁሉ መጣ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያዩት ደግሞ ወረቀቱን ትልልቅ ዓይን ባላቸው መላእክት ሞልተውታል። በጣም ነው ደስ የሚሉት!

የከበደኝ ሸክላው ነው። እዚሁ አጠገባችን ያለው ወለቃ በሸክላ የታወቀ ስለሆነ ልጆቹም ትንንሽ ጎጆ፣ ጀበናና በሬ ሠሩ። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። የበሬዎቹ ቀንድና እግር ከተጣበቀበት ይለቃል። ጥላ ሥር አድርቄ አየሁ፤ በእርጥብ ጨርቅም ሸፈንኩት። ትንሽ ተሻለ እንጂ አልተወም። ሸክላ ሠሪዎች አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል እንደሚቀላቅሉ አውቃለሁ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ለስንት እፍኝ ጭቃ ስንት እፍኝ ገል ይበቃል?

ሌላው ማቃጠሉ ነው። ግቢው ጥግ ላይ በኩበትና በገለባ ብናቃጥለው ቀጫጭኖቹ ሳይፈነዱ ይተርፋሉ? ወይስ ሳይቃጠል ቀለም ቀብተን ብናሳይ ይሻላል? ልጆቹ ወደ ቤት ሊወስዱት ስለጓጉ ጠንክሮ ቢወጣልኝ ደስ ይለኛል።

እናቱ ወይም አያቱ ሸክላ የሚሠሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጠይቁልኝ።